ጀሌው ለምን አይሸሽም? በታሪክ ጌሞች ውስጥ ስላለው ተራ እግረኛ ያነሣሁት ጥያቄና የመጡለት መልሶች

የመነሻው ጽሑፍ

ጥያቄውን የጻፍኩት የእህቴን ልጅ ይዤ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ከሚገኝ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት በተመለስኩበት ምሽት ነው። ልጁ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። የሚጫወተው «ዳይናስቲ ዋሪየርስ» የተባለውን፣ በጥንታዊቷ ቻይና የሦስቱ መንግሥታት ዘመን ላይ የተመሠረተውን ጨዋታ ነበር። ጀግናው መሣሪያውን ባወዛወዘ ቁጥር አሥርና አሥራ አምስት እግረኛ እንደ ገለባ ይበተናል፤ የወደቁት ብዛትም በስክሪኑ ጥግ ላይ ይቆጠራል። እኔ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቼ ሳልጨርስ ቁጥሩ ሦስት መቶን አለፈ። እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው ብዬ ስጠይቀው ዓይኑን ሳይነቅል ጀሌዎች መሆናቸውን ነገረኝ።

ጀሌዎቹ ራሳቸው ላይ ቢጫ ጨርቅ አስረዋል። የዚያን ዘመን ታሪክ ትንሽ አንብቤያለሁና አወቅኋቸው። እ.ኤ.አ. በ184 በሃን ሥርወ መንግሥት ላይ የተነሡት፣ «ቢጫ ጥምጣሞች» የሚባሉት ገበሬዎች ናቸው። ረሀብ፣ የወንዝ ጎርፍና የሹማምንት ግፍ ያማረራቸው፣ ዣንግ ጁዌ የተባለ ፈዋሽና ሰባኪ ያስተባበራቸው ሰዎች ናቸው። በጨዋታው ግን የመጀመሪያው ምዕራፍ መለማመጃ ሆነዋል፤ ልጁ የአዝራሮቹን አያያዝ የሚማረው በእነሱ ላይ ነው። ከሦስት መቶው አንዱ እንኳ ወደ ኋላ አላለም። ጓደኛው ከጎኑ ሲወድቅ እያየ፣ የሚገጥመው ሰው ማንም ያልቻለው መሆኑን እያወቀ፣ ተራው ሲደርስ ቀርቦ ይሞታል።

ስለዚህ የድሬዳዋና የሐረር ልጆች በምንወያይበት መድረክ ላይ ይህን ጠየቅሁ። በታሪክ ላይ የተመሠረተ ጌም ሁሉ፣ የሮማም ይሁን የጃፓን፣ የመስቀል ጦርነትም ይሁን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ተራውን እግረኛ መጀመሪያ የሚመጣና መጀመሪያ የሚሞት፣ ፍርሃት የማያውቅ ፍጡር የሚያደርገው ለምንድን ነው? ችግሩ የማሽኑ አቅም ነው፣ የሠሪዎቹ ግዴለሽነት ነው፣ ወይስ ታሪኩ ራሱ ከጥንት ጀምሮ የአለቆች ታሪክ ሆኖ ስለተጻፈ ነው? በአራት ቀን ውስጥ ሃያ ሁለት መልስ መጣ። መልሶቹን በየቁጥራቸው፣ የተባባልነውን በራሴ አገላለጽ እያስቀመጥሁ እነሆ።

መልስ 1

ቀድሞ የደረሰው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የሚኖር፣ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያጠና ወጣት ነው። ጥያቄውን በአክብሮት ተቀብሎ የጀሌውን ጭንቅላት ከፍቶ አሳየን። ተራ ጠላት የሚያውቀው ሥራ በአብዛኛው አራት ነው፤ ይዘዋወራል፣ ያያል፣ ያጠቃል፣ ይሞታል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበት ደንብ በጥቂት መስመር ይጻፋል። ሽሽት ቢጨመርበት ግን ተከታትለው የሚመጡ ጥያቄዎች አሉ። ወዴት ይሸሻል? ከደረሰ በኋላ ምን ያደርጋል? ከሸሹት አንዱ ጥግ ውስጥ ተደብቆ ከቀረ ተጫዋቹ ምዕራፉን ጨረሰ የሚባለው መቼ ነው? በዚህ ላይ በአንድ ጊዜ መቶ ሰው ስክሪን ላይ ሲኖር ለእያንዳንዱ የሚደርሰው የማሰቢያ ጊዜ እጅግ ትንሽ ነው። አካሉም ቢሆን አንድ ተቀርጾ ልብሱና ፊቱ እየተቀያየረ የተባዛ ነው።

ከዚያ እኔ የማላውቀውን ጨመረ። ሃያ ሰው ተጫዋቹን ቢከበውም በአብዛኞቹ ጨዋታዎች በአንድ ጊዜ የሚሰነዝሩት አንድ ወይም ሁለት ናቸው፤ ሌሎቹ ዙሪያውን እየተንቀሳቀሱ ተራ ይጠብቃሉ። ይህ ታስቦበት የተደረገ ነው፤ ሃያው አንድ ላይ ቢመጡ ጀግናው ሁለት ሴኮንድ አይቆምም። እንግዲህ የጀግናው ጀግንነት የቆመው በጀሌው ትዕግሥት ላይ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ያንን ጨዋታ እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም።

መልስ 2

አንዲት አስተያየት ሰጪ በመጀመሪያው ተስማምታ፣ የመጀመሪያው ጠላት በእርግጥ መምህር መሆኑን አከለች። መምህር ስለሆነም ደካማ፣ ዘገምተኛና የሚያደርገው አስቀድሞ የሚታወቅ መሆን አለበት።

መልስ 3

የውይይቱ ድምፅ የተቀየረው እዚህ ላይ ነው። ስሙን በቁጥር ብቻ የሚጽፍ አንድ ተሳታፊ ጥያቄው ከንቱ መሆኑን ገለጸ። ጨዋታ ጨዋታ ነው፤ ለቼዝ ወታደር ያለቀሰ ሰው አልታየም፤ ሰው ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ሲመሽ የሚጫወተው ለመዝናናት እንጂ ለገበሬ ሐዘን ለመቀመጥ አይደለም። ሐሳቡ ንቀት ያዘለ ቢሆንም ተቃውሞው እውነተኛ ነውና አልሰረዝነውም።

መልስ 4

ለዚህ መልስ የሰጡት ሐረር፣ ጁገል ውስጥ የሚኖሩ አንድ አባት ናቸው። እኛ ጋሼ እንላቸዋለን። ቼዝን ያነሣው ሰው የራሱን አገር ቼዝ፣ ሰንጠረዥን፣ ቢያውቅ ኖሮ ምሳሌው በተቃራኒው እንደሚመሰክርበት በረጋ ቃል አስረዱ። በእኛ ሰንጠረዥ ተራው ጠጠር መደቅ ይባላል። ቃሉ «በይደቅ» ከሚለው ዐረብኛ ጋር የተዛመደ ነው፤ ዐረብኛውም ከፋርስ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ እግረኛ ማለት ነው። ጨዋታው የሚጀመረው በወረራ ነው። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ የቻሉትን ያህል ጠጠር ያንቀሳቅሳሉ፤ ያን ጊዜ መንገድ የሚከፍቱትም የሚዘጉትም መደቆች ናቸው።

ዋናው ግን አጨራረሱ ነው። በፈረስ ወይም በደር (በቼዝ ግንብ የሚባለው ጠጠር) ንጉሥን መግደል ጥበብ የጎደለው ተደርጎ ይታይ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚያስመሰግነው በመደቅ መግደል ነበር። አያቶቻችን እግረኛውን የሰንጠረዡ ትንሹ ጠጠር ካደረጉት በኋላ ትልቁን ክብር ለእሱ ማስቀመጣቸው ጋሼን ሁልጊዜ ያስደንቃቸዋል። ከዚህ በኋላ ከሐረር ገበታ ላይ ሰንጠረዥ እንዴት እንደጠፋ ሁለት አንቀጽ ጽፈዋል። ከጉዳያችን ቢወጣም ማንም አላቋረጣቸውም።

መልስ 5

በሐረር ታሪክ የምታስተምር እህት «ኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስ» የተባለውን ጨዋታ አመጣች። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሁለተኛው ክፍል የመጀመሪያው እግረኛ «ሚሊሺያ» ይባላል፤ ዋጋው 60 ምግብና 20 ወርቅ ነው። ይህ ሰው እየተሻሻለ ሄዶ «ሻምፒዮን» ይሆናል። እሷ የወደደችው ዋጋው በምግብ መተመኑን ነው። በሰይፍ ጨዋታዎች ወታደር ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ እዚህ ግን እህል የሚያርስና አጋዘን የሚያድን ሰው ከሌለ ወታደርም አይኖርም።

በ2015 በታከለው የአፍሪካ ክፍል ኢትዮጵያውያን የራሳቸውን ልዩ እግረኛ አገኙ፤ ሾተል የያዘ ተዋጊ ነው። እንደ ማጭድ የቆለመመው ሾተል የባላጋራን ጋሻ አልፎ እንዲነካ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ጨዋታውም ተዋጊውን ምቱ የከበደ፣ እግሩ የፈጠነ፣ መከላከያው ግን የሳሳ አድርጎታል። የራሳችን ሰው በዓለም ጨዋታ ውስጥ ገብቶ ስታየው ደስ እንዳላት አልደበቀችም። የእኛም ሰው ቢሆን ከባላጋራው በፍጥነት የሚገድልና በፍጥነት የሚሞት ተደርጎ መቀረጹ ደግሞ አሳስቧታል።

መልስ 6

አንድ ተሳታፊ መምህሯን አረማት። የምግብ ዋጋው ለእኛ ታሪክ አይሠራም፤ ምክንያቱም በድሮው ዘመን ዘማቹ ከመንግሥት ጎተራ አልተቀለበም፤ በሶውን፣ ቆሎውንና ቋንጣውን ከቤቱ ይዞ ይወጣል፣ ሚስቱና አገልጋዩ ተከትለውት ያበስሉለታል፣ ሲያልቅበት ከባላገር ይወስዳል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተጋጠሙት ሁለቱም ጦሮች ስንቃቸው እየተሟጠጠ ነበር። የምኒልክ ጦር ብዙ ቀን መቆየት አይችልም ነበር፤ የጣሊያን ጦር አዛዥ ባራቲየሪም ስንቁ ሊያልቅበት በደረሰበት ሰዓት ከሮም በተደረገበት ግፊት ገሰገሰ። ትክክለኛው ጌም የወታደሩን ዋጋ ሲገዛ አንድ ጊዜ ሳይሆን በየቀኑ ማስከፈል አለበት የሚለው ሐሳቡ እስከ ውይይቱ መጨረሻ ሲጠቀስ ቆይቷል።

መልስ 7

ይህን መልስ ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ወደ ደጅ ወጣሁ። ጸሐፊው ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ሰፈር ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ሚሊሺያ የሚለውን ቃልና 60 ምግብ የሚለውን ዋጋ አንድ ላይ ሲያይ እንደ ቆዘመ ጻፈ። አባቱ በ1969 ዓ.ም. ከእርሻው ተነሥቶ በታጠቅ ጦር ሰፈር ለጥቂት ወራት ከሠለጠነ በኋላ ወደ ምሥራቅ የተላከ የሕዝባዊ ሚሊሺያ አባል ነበር። በ1970 ዓ.ም. ካራማራ ነጻ ሲወጣ እዚያው አካባቢ ነበር፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ ትውልድ ቀዬው ሳይመለስ ድሬዳዋ ቀረ።

አባትየው ስለ ውጊያው የሚያወራው ጥቂት ነው። የሚያወራው በመጀመሪያዋ የምሽግ ሌሊት ምን ሲያስብ እንዳደረ ነው። ከቤት ሲወጣ በሬው አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ወንድሙ የሚያቀናጀው ሁለተኛ በሬ ከማን እንደሚለምን ሲያስብ ነጋ። ልጁ እንደሚለው፣ ጠላትን ከፊቱ ባየበት ሰዓት እንኳ አባቱ ግማሹ ሰውነቱ ከዚያ በሬ ጋር ነበር። በጨዋታ ውስጥ ያለው ሚሊሺያ የሚጎድለው ይህ ግማሽ መሆኑንም ጨመረ። እኔ በመነሻው ጽሑፍ ልለው ፈልጌ ቃል ያጣሁለት ነገር ይኸው ነበር።

መልስ 8

ሶማሌ የሆነ፣ ድሬዳዋ ያደገ ተሳታፊ በሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ መለሰ። የእናቱ ወንድም በዚያው ጦርነት በሌላው ወገን የተሰለፈ እግረኛ ነበር፤ እሱም ስለ ግመሎቹ ሲጨነቅ ነው የኖረው። ሰባተኛው ጸሐፊ ምስጋናውን ገለጸለት።

መልስ 9

የመልስ 3 ባለቤት ተመለሰ፤ ቃሉም ከፊተኛው የባሰ ሻካራ ነበር። ውይይቱ የጌም መሆኑ ቀርቶ ለቅሶ ቤት ሆኗል አለ። ጋሼንም አንተ እያለ ተናግሮ፣ ስለ ሰንጠረዥ ያቀረቡት ማብራሪያ ሽማግሌ የሚፈጥረው ተረት እንደሆነ አድርጎ አጣጣለው።

መልስ 10 እና 11

ከአዲስ አበባ የሚጽፍ አንድ ሰው ተቆጣ፤ የአባት እኩያን አንተ ማለት ነውር ስለሆነ ይቅርታ እንዲጠየቅ አሳሰበ። ወዲያው አንዲት የድሬ ልጅ ገብታ አንተ በሚለው ቃል ላይ ብቻ አረመችው። በድሬ እናትንም አባትንም አንተና አንቺ ብሎ መጥራት የመቅረብ ምልክት እንጂ የመናቅ አይደለም፤ ነውሩ ተረት ብሎ ማጣጣሉ ላይ ነው። ጋሼም ከዚያ በኋላ ገብተው፣ አንተ መባሉ እንዳላስከፋቸው፣ የመደቁን ነገር ግን ገበታ ዘርግተው ሊያሳዩት ዝግጁ እንደሆኑ ጻፉ። ወደ ጉዳያችን እንድንመለስ ለመንኩ።

መልስ 12

የሳቢያኑ ወጣት መለሰን። እግረኛው የሚሸሽባቸው ጨዋታዎች መኖራቸውን ዘንግተናልና ሊያስታውሰን ወደደ። «ቶታል ዋር» እ.ኤ.አ. በ2000 በጃፓን ታሪክ ላይ ሲጀምር ለእያንዳንዱ የጦር ክፍል የወኔ መጠን ሰጠው። ከጎን ሲመቱት፣ ጓዱ ሲያልቅ፣ የጦር አለቃው ሲወድቅ ወኔው ይቀንሳል፤ ሲያልቅ ክፍሉ መሣሪያውን ይዞ ይሮጣል። የጃፓኑ ተራ እግረኛ አሺጋሩ ይባላል፤ በቀጥታ ሲፈታ ቀላል እግር ማለት ነው። በሮማ ታሪክ ላይ በወጣው የ2004 ቅጂ ደግሞ «ገበሬ» የሚባል እጅግ ርካሽ ክፍል አለ፤ ዋና ጠባዩም ቶሎ መሸሹ ነው።

ሌሎችንም ጠቀሰ። «ኪንግደም ከም» የተባለው የ2018 ጨዋታ በ1403 ቦሄሚያ ላይ የተመሠረተ ሲሆን የተሸነፈ ባላጋራ አንዳንድ ጊዜ እጁን ሰጥቶ ምሕረት ይለምናል። በ2016 የወጣው «ባትልፊልድ 1» የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ሲጀምር ተጫዋቹ ከሞት እንደማያመልጥ እየነገረው ያሰልፈዋል፤ በሞተም ቁጥር የወታደሩን ስም፣ የልደትና የሞት ዓመቱን ያሳየዋል። የ2004ቱ «ሜታል ጊር ሶሊድ 3» ደግሞ ተጫዋቹ በጨዋታው የገደላቸው ወታደሮች መንፈስ ሆነው ከፊት ለፊቱ በሚመጡበት ወንዝ ውስጥ ያስኬደዋል። ብዙ የገደለ ብዙ ይሄዳል፤ ያልገደለ ቶሎ ይሻገራል።

መልስ 13

መምህሯ በዝርዝሩ ላይ አንድ ነገር ነቀሰች፤ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። በ«ባትልፊልድ 1» ስም የሚሰጠው ተጫዋቹ ራሱ ለሆነው ወታደር ነው፤ ማዶ ያለው አሁንም ስም የለውም። በ«ቶታል ዋር»ም የሸሸው ክፍል አያመልጥም፤ ጎበዝ ተጫዋች ፈረሰኞቹን ልኮ ከኋላው ያስፈጀዋል። ነገር ግን ይህ ሁለተኛው ከታሪክ የራቀ እንዳልሆነ ራሷ አመነች፤ በጥንቱ ዘመን ጦርነት ብዙ ሰው የሚያልቀው ሰልፍ ከፈረሰ በኋላ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ሲሮጥ ነው።

መልስ 14

አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ እነዚህ ጌሞች በየትኛው ፕሌይስቴሽን እንደሚሠሩና ድሬ ውስጥ የት እንደሚገኙ። ሁለት ሰው መልስ ሰጠው።

መልስ 15

መምህሯ እንደገና ገባች፤ በዚህ ጊዜ ስለ ጌም ሳይሆን ስለ ሐረር ጻፈች። ተማሪዎቿን ይዛ ወደ ጦር መካነ መቃብሩ ትሄዳለች። መጋቢት 1933 ዓ.ም. ከጅግጋ ወደ ሐረር የሚያመራውን የማርዳ በር፣ ማለትም ያንኑ የካራማራን ተራራ፣ ሰብሮ ያለፈው ለእንግሊዝ የተሰለፈው የናይጄሪያ ብርጌድ ነበር፤ ሐረር የገባውም በዚያው ወር በ17 ነው። ከአፍሪካ ምዕራብ ዳርቻ መጥቶ ለሌላ ሰው ግዛት የተዋጋ እግረኛ ነው። ተራራውን የሚጠብቀው የጣሊያን ጦርም ቢሆን በብዛት ጣሊያናዊ አልነበረም። ከቅኝ ግዛት የተመለመሉ ወታደሮች ነበሩ፤ በዚያ ዘመቻ ውስጥ ብዙዎቹ ጠመንጃቸውን እየጣሉ ወደ ቤታቸው ሄደዋል። የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ በዚያ ፍጥነት ሊፈርስ ከቻለባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ተራ እግረኛ ቤቴ ልሂድ ማለቱ ነው። እግረኛው የማይሸሽበት ጌም እንግዲህ ሰብአዊነት ብቻ አይደለም የሚጎድለው፤ ጦርነቱ እንዴት እንደተሸነፈም አያውቅም።

መልስ 16

ከዚያ ማንም ያልጠበቀው ጥያቄ መጣ። አንድ ወጣት እኛ ራሳችን የዓድዋን ጌም ብንሠራ የመጀመሪያው ጀሌ ማን ይሆናል ብሎ ጠየቀ። ራሱ ያሰበው ነጭ ባርኔጣ ያደረገ ጣሊያናዊ ነበር።

መልስ 17

ጋሼ መለሱ። የዚያን ዕለት ንጋት ከሁሉ ቀድሞ ከጦራችን ጋር የተጋጠመው የጣሊያኑ ጄኔራል የአልበርቶኔ ብርጌድ ነው፤ እሱም አስካሪ የሚባሉት ያገሬው ተወላጆች ብርጌድ ነው። ብዙዎቹ የኤርትራ ልጆች ናቸው። እውነት ይከበር ከተባለ በዓድዋ ጌም ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የሆነው ልጅ አዝራር የሚለማመድበት የመጀመሪያው ጠላት ትግርኛ የሚናገር፣ ጥምቀት የሚያከብር፣ በጾም ቀን የሚጾም ሰው ነው።

ረጅም ሰዓት ማንም አልጻፈም።

መልስ 18 እና 19

ዝምታውን የሰበረው የመልስ 3 ባለቤት ነበር፤ ባንዳ ባንዳ ነው፣ ለእሱ የሚዘረዘር ታሪክ የለም የሚል ቁጣ ጻፈ። ሌላ ሰው ደግፎት፣ የተማረኩት አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው መቆረጡ የዘመኑ ፍርድ እንደነበር አስታወሰ። ቅጣቱ መፈጸሙ እውነት ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ደርሷል። እኔ ግን እንደ ድል ማስረጃ ሲቀርብ ማየት አልቻልኩምና ይህንኑ ጻፍኩ። ዓድዋን የሚያከብር ሰው ይህን ክፍል አንገቱን ደፍቶ ቢያነበው ክብሩ አይቀንስም።

መልስ 20

መምህሯ ከሁላችን የተሻለ አስረዳች። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረውን ክፉ ቀን አስታወሰችን። የከብት በሽታ በሬውን ጨርሶ፣ ድርቅና አንበጣ ተጨምሮበት፣ ገበሬው እጁን አጣጥፎ የተቀመጠበት ዘመን ነው። ጣሊያን አስካሪ የመለመለው በዚያው ዘመንና ከዚያ በኋላ ነው፤ ደመወዝ ይከፍል ነበር። ሁሉም በረሀብ ገባ ለማለት አልደፈረችም፤ ነገር ግን በሬው የሞተበት ሰው ደመወዝ ወዳለበት መሄዱን ሳያውቁ ባንዳ የሚለውን ቃል ብቻ መያዝ፣ ቢጫ ጥምጣሙን ገበሬ ጀሌ ብሎ ከማለፍ ጋር አንድ እንደሆነ ጻፈች። የሰባተኛው መልስ ባለቤት ከሥሩ የአባቱን በሬ በአንድ ቃል አስታወሰ።

መልስ 21

የሳቢያኑ ወጣት ለሁለት ቀን ጠፍቶ ነበር፤ ለካ እየሠራ ኖሯል። በኮምፒውተሩ ላይ አንድ ትንሽ ሜዳ፣ አንድ ተጫዋችና ሠላሳ እግረኛ ሠርቶ አመጣ። ለእያንዳንዱ እግረኛ ሦስት ቁጥር ሰጠው፤ ረሀቡ፣ ፍርሃቱና ከቤቱ ያለው ርቀት። ረሀብ በስድስተኛው መልስ እንደተባለው በየቀኑ ይጨምራል። ፍርሃት ጓደኛው ሲወድቅ ይጨምራል፤ አለቃው ከጎኑ ሲቆም ይቀንሳል። ሦስቱ ተደምረው ከልክ ሲያልፉ ሰውየው መሣሪያውን ጥሎ ይሄዳል።

በጓደኞቹ ላይ ሞከረው። ያልጠበቀው ችግር ገጠመው፤ ጓደኞቹ የሸሸውን መግደል ተዉ፣ ከሸሹት ጥቂቱ ደግሞ ፍርሃቱ ሲበርድለት ሌላ ሰው አስከትሎ እየተመለሰ ጨዋታው አላልቅ አለ። መጨረሻ የሌለው ጦርነት ሠርቷል። መሣሪያ የጣለ ሰው ተመልሶ እንዳይዋጋ የሚከለክል ደንብ ቢያስገባ ደግሞ ከእውነት ይርቃል። መፍትሔ ያለው ሰው ካለ እንዲነግረው ለመነ። የመልስ 3 ባለቤት መፍትሔ ያቀረበ የመጀመሪያው ሰው መሆኑን ሳልመዘግብ ማለፍ አልፈልግም፤ ጦርነቱን የሚጨርሰው የሞተው ሰው ብዛት ሳይሆን አለቃው የሚያሰልፈው ሰው ማጣቱ ይሁን አለ። ወጣቱ ሐሳቡን ወስዶ አስገባው፤ ሠርቷልም።

መልስ 22

የመጨረሻው መልስ የእኔው ነው። ቅዳሜ የእህቴን ልጅ ይዤ ሳቢያን ሄድኩ፤ ወጣቱ ኮምፒውተሩን ከፍቶ አስቀመጠው። ልጁ መጀመሪያ እንደለመደው ሮጦ ገባባቸው፤ አራት ሰው ጣለ። አምስተኛው ጦሩን ጥሎ ዞረ። ልጁ ቆመ። ከዚያ ሰይፉን ሳያነሣ ከኋላው ይከተለው ጀመር፤ ሜዳውን አቋርጦ፣ ኮረብታውን ወጥቶ፣ እስከ ስክሪኑ ጠርዝ ድረስ። እዚያ ሲደርስ ሰውየው ጠፋ። ልጁ ዞሮ የት ገባ ብሎ ወጣቱን ጠየቀው፤ ወጣቱም ከጠርዙ ወዲያ ምንም እንዳልሠራ ነገረው። ቤቱ የት ነው አለ ልጁ።

ይህን እንደጻፍኩ ወጣቱ ከሥሩ፣ ቤቱን ሊሥል እንደተቀመጠ፣ ነገር ግን ያኔ በኤርትራ የሐማሴን ገበሬ ቤት ምን ይመስል እንደነበር እንደማያውቅ ጻፈ። ጋሼ ሕድሞ እንደሚባል ነገሩት፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው በወፍራም እንጨት የተደገፈ አፈር ነው፤ ከብቶቹም የሚያድሩት ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነው።